መርፌና ገበታ በአንድ ሰዓት፦ ኢንሱሊን ለጀመሩ የባሌ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው

የስኳር በሽታ እንዳለበት አዲስ የተነገረው ሰው ከጤና ተቋም ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚሄደው ማስጠንቀቂያ ስኳር እንዳይበላ የሚያሳስበውን ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ኢንሱሊን በመርፌ እንዲወስድ ለታዘዘለት ታማሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕይወቱን የሚፈታተኑት ሁለቱ ዋና አደጋዎች ሻይ ውስጥ ከሚጨመረው ስኳር ጋር ያላቸው ግንኙነት እጅግ ጥቂት ነው። አንደኛው መርፌውን ተወግቶ ምግቡን ማዘግየት ወይም ጨርሶ መተው ሲሆን፣ ሁለተኛው በማናቸውም ምክንያት ኢንሱሊኑን ማቋረጥ ነው። ይህ ዝግጅት በብድሬ፣ በደሎ መና፣ በጎባና በሮቤ አካባቢ የሚኖር ታማሚና ቤተሰቡ ከእነዚህ አደጋዎች እንዴት እንደሚጠበቁ የሚያስረዳ ሲሆን፣ የመድኃኒቱን መጠን መወሰንና መቀየር ግን ታማሚውን የሚከታተለው ሐኪም ወይም የጤና ባለሙያ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።

ኢንሱሊን ከጨጓራ በስተጀርባ በሚገኘው ቆሽት በተባለው አካል የሚመረት ሆርሞን፣ ማለትም በደም ውስጥ እየተዘዋወረ የሌሎችን የሰውነት ክፍሎች ሥራ የሚቆጣጠር ንጥረ ነገር ነው። ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከገንፎና ከመሳሰሉት የሚገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርገው ይኸው ሆርሞን በመሆኑ፣ ሲጠፋ ወይም ሥራው ሲዳከም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን በዚያው ሰዓት ምግብ እንዳጣ ሆኖ ይከሳል። ቆሽት ኢንሱሊን ማምረቱን ያቆመበት ሁኔታ ዓይነት 1፣ ሰውነት የሚያመርተውን ኢንሱሊን በሚገባ መጠቀም ያቃተውና ምርቱም ቀስ በቀስ የሚያንስበት ሁኔታ ደግሞ ዓይነት 2 ይባላል። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ አለዚያም የውኃ ጥም፣ የሽንት መብዛትና መክሳት ባለበት ሰው ላይ በማንኛውም ሰዓት 200 ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ በሽታው አለ ተብሎ ይወሰዳል።

ኢንሱሊን ለሰው ሕክምና ከመዋሉ በፊት የነበረው የሕክምና ታሪክ ዛሬም በሰዎች አስተሳሰብ ላይ ጥላውን ስላጠላ ጥቂት ልንቆይበት ይገባል። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግ፣ ቻርልስ ቤስት፣ ጆን ማክሊዮድና ጄምስ ኮሊፕ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ ታዳጊ ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ እስኪወጋ ድረስ፣ ሐኪሞች የዓይነት 1 ሕሙማንን ዕድሜ በወራት ለማራዘም የነበራቸው ዘዴ ምግብ እየቀነሱ በረሃብ አፋፍ ማቆየት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ምግብ መቀነስ በራሱ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት አልጠፋም፤ በተለይ ከሰውነቱ በላይ ለወፈረ የዓይነት 2 ታማሚ ክብደት መቀነስ የሚጠቅመው እውነት ስለሆነ፣ ያው ምክር ለከሳውም ሰው ሳይመረመር ይተላለፋል።

በኢትዮጵያ ግን የከሳው ታማሚ ብዙ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ሽታዬ አለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን መካከል ብዙዎቹ ድሆች፣ ቀጫጮችና ይበልጡንም ወንዶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዓይነት በምደባው አካትቶት የነበረ ሲሆን በ1999 አውጥቶታል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በባንኮክ ባካሄደው ጉባኤ ዓይነት 5 በሚል ስም እውቅና ሰጥቶታል። የምደባው ክርክር ለሐኪሞች የሚተው ቢሆንም ለገበታው ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ከስቶ ወደ ሕክምና የመጣ ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ኢንሱሊን ሲጀምር ምግቡን ማሳነስ ሳይሆን ሰዓት ጠብቆ በበቂ መጠን መብላትና የጠፋውን ሥጋ መመለስ ይጠበቅበታል።

የባሌ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር በመሆኑ ስለ ምግብ የሚሰጠው ምክር ከእነዚህ ሁለት እህሎች መነሳት አለበት። የደም ስኳርን በዋናነት ከፍ የሚያደርገው ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም በእህል፣ በድንች፣ በፍራፍሬ፣ በወተትና በስኳር ውስጥ የሚገኘው ኃይል ሰጪ የምግብ ክፍል ሲሆን፣ ፍጥነቱ ግን እንደ እህሉ ዓይነትና እንደ አዘገጃጀቱ ይለያያል። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ፣ በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ የስኳሩን ወደ ደም መግባት የሚያዘገይ አሰር ስላለው፣ ቆሎው ወይም ሳይላም የተከካው ቅንጬ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይልቅ የደም ስኳርን በዝግታ ከፍ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ገብስ ለስኳር ሕሙማን ልክ የለሽ ምግብ ነው የሚለው አነጋገር ስህተት ነው፤ የላመ የገብስ ዱቄት ገንፎ በትልቅ ሳህን ሲበላ ያው ካርቦሃይድሬት ነው፣ ጤፍም ቢሆን እንዲሁ። ከተቆላ የገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጩኮ በትንሹ ብዙ ኃይል የሚሰጥ በመሆኑ ለከሳው ታማሚ ይጠቅማል፣ ለወፈረው ግን መጠኑን ማወቅ የግድ ነው።

በጋራ ገበታ መብላት የቤተሰብ ክብር በሆነበት አገር ታማሚው የበላውን መጠን ማወቅ ያስቸግረዋል። ታማሚውን ከገበታው ማግለልና ለብቻው ጨው የለሽ፣ ጣዕም የለሽ ምግብ መሥራት ግን አያስፈልግም፤ የሚበጀው የእርሱ ድርሻ በየቀኑ ተመሳሳይ መጠን ሆኖ አስቀድሞ በሳህን እንዲወጣለትና ከቀሪው ጋር አብሮ እንዲበላ ማድረግ ነው። ከሳህኑ ግማሹን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲምና የመሳሰሉት አትክልቶች ቢይዙት፣ ሩቡ እንጀራ ወይም ዳቦ፣ ቀሪው ሩብ ደግሞ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ቢሆን ለአብዛኞቹ ሕሙማን ተስማሚ ነው። ክብደቱን መመለስ ያለበት ታማሚ ከዚህ የበለጠ እህል ሊያስፈልገው ስለሚችል የሚጨመረው መጠን ከመርፌው ጋር ተገናዝቦ በባለሙያ ይወሰናል። በቆላው በኩል ወተት ዋና ምግብ ለሆነላቸው ቤተሰቦች አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት እንደሚይዝ መታወቅ አለበት፤ ይህም ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ብዙ አያንስም። ቡናው ያለ ስኳር ከተጠጣ አያሳስብም። የሐረና ጫካ ማር ግን፣ በተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ስኳር አይደለም የሚሉ ቢኖሩም፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 17 ግራም የሚጠጋ ስኳር የያዘ በመሆኑ ከሻይ ውስጥ ወጥቶ ኋላ በሚገለጸው ምክንያት በታማሚው ኪስ ቢቀመጥ የተሻለ ነው።

ወደ መርፌው ሲመጣ፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚሰጡት ኢንሱሊኖች ሦስት ናቸው። ሬጉላር የሚባለው ጥርት ያለ ፈሳሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሥራት ጀምሮ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታና ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ ያበቃል። ኤን ፒ ኤች የሚባለው ደመናማ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ጀምሮ ከተወጉት ከአራት እስከ አስር ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ይበረታል። ሦስተኛው ሰባ ሠላሳ የሚባለው ሲሆን 70 በመቶው ኤን ፒ ኤች፣ 30 በመቶው ሬጉላር የሆነ ድብልቅ ስለሆነ ከምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይወጋል። በበለጸጉት አገሮች ለሚገኙ አዳዲስ ኢንሱሊኖች የተጻፈው፣ የሚበላውን ምግብ አስልቶ መጠኑን መቀየርን የሚያስተምረው ምክር ለእነዚህ ሰዓታቸው አስቀድሞ ለተወሰነ መድኃኒቶች በቀጥታ አይሠራም። እዚህ ምግቡ ለመርፌው ይታዘዛል እንጂ መርፌው ለምግቡ አይታዘዝም።

ይህ በአገሩ ሰዓት ሲሰላ ይበልጥ ይገባል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ኤን ፒ ኤች ኃይሉ የሚበረታው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በገበያ ቀን በማለዳ ተወግቶ ወጥቶ ምሳውን ሳይበላ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ታማሚ መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት ባዶ ሆዱን ይገኛል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚወጋው ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አንሥቶ እስከ ንጋት 11 ሰዓት፣ ማለትም ሁሉ ሰው በተኛበት ሰዓት ይበረታል፤ እራት የተበላው በጊዜ ከሆነና የመኝታ ሰዓት የደም ስኳር ዝቅ ካለ ከመተኛት በፊት አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም ቁራሽ ዳቦ የሚመከረው ለዚህ ነው። እርሻና አጨዳም በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ያለ ብዙ ኢንሱሊን ስለሚወስድ፣ ሙሉ ቀን ሲያጭድ የዋለ ሰው የደም ስኳሩ በሥራው ሰዓት ብቻ ሳይሆን በዚያው ሌሊትም ሊወርድ ይችላል።

የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ የደም ስኳር ማነስ ይባላል። ምልክቶቹ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መቆጣት ወይም መፍዘዝ ሲሆኑ፣ ሲብስ ንግግር ይዘባረቃል፣ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። በመንገድ ላይ እንዲህ የሆነ ሰው የሰከረ ወይም መንፈስ የያዘው ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ በመሆኑ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ አስቀድሞ ማወቁ ሕይወት ያተርፋል። ታማሚው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ አለዚያም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ወይም ልኬቱ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል፤ ሲሻለው ዳቦ ወይም በሶ ይበላል። ጩኮ ወይም ወፍራም ወተት በመጀመሪያ አይሰጥም፣ ቅባት ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ጊዜ ያዘገያልና። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር መጨመር አይገባም፤ በጎኑ አስተኝቶ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። አረቄና ጠጅ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ኢንሱሊን ተጠቃሚ በእጥፍ ይጋለጣል፤ አልኮል ጉበት በችግር ጊዜ ስኳር ወደ ደም የሚለቅበትን ሥራ ያግዳል፣ ሽታውም ተመልካቹን ያሳስታል።

ጾም በዚህ ሁሉ ላይ የሚደረብ ጉዳይ ነው። በባሌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም፣ ቀላል የማይባለውም ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሲሆን፣ የሁለቱም ጾም ጠዋት የተወጋው ኤን ፒ ኤች በሚበረታበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። እስልምና በሽተኛን ከረመዳን ጾም ነፃ ያደርጋል፤ በሕክምናው በኩልም ኢንሱሊን አዲስ የጀመረ የዓይነት 1 ታማሚ፣ ነፍሰ ጡርና በቅርቡ ራሱን ስቶ የነበረ ሰው እንዳይጾሙ ይመከራል። መጾም የሚችለው ቢሆን እንኳ ከረመዳን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙን አማክሮ የሱሑርና የኢፍጣር የመድኃኒት መጠኑ እንዲስተካከልለት ያስፈልጋል። ልኬቱ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ደግሞ ጾሙን ወዲያው ማፍረስ አለበት። ጣትን ወግቶ ደም መለካት ጾም አያፈርስም የሚለው የብዙ ዑለማዎች አቋም ስለሆነ መለኪያውን ለማስቀመጥ ምክንያት የለም። በኦርቶዶክሱ ጾም የምግቡ ዓይነት፣ ሽሮውና ምስሩ፣ ለታማሚው ተስማሚ ሲሆን የሚያሰጋው እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየቱ ነው፤ ስለዚህም ከነፍስ አባት ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ማሳጠር የተለመደና ተገቢ መንገድ ነው።

ኢንሱሊን ፕሮቲን በመሆኑ ሙቀትም ውርጭም ያበላሸዋል፤ የባሌ መልክዓ ምድር ደግሞ ሁለቱንም በአንድ መንገድ ላይ ያቀርባል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መናና ወደ ብድሬ አቅጣጫ የሚሄደው መንገድ የሳነቴን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከ4,377 ሜትሩ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ግርጌ አቋርጦ፣ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ሞቃቱ ቆላ ይወርዳል። ከጎባ ሪፈራል ሆስፒታል መድኃኒቱን ይዞ የሚመለስ ታማሚ ብልቃጡን በመኪና ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ ሳይሆን በሰውነቱ አጠገብ ባለ ቦርሳ ሊይዘው ይገባል። አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል እንጂ መወጋት የለበትም። ያልተከፈተ ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ባለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ከበረዶ ክፍሉ ርቆ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቤት ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ፣ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ትልቅ ገንቦ ውስጥ ትንሽ ክዳን ያለው የሸክላ ዕቃ አስቀምጦ ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማኖር ሙቀቱን ይቀንሳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ባለው የሙቀት ልክ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት ቆይቶ ኃይሉ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላሳየ አረጋግጧል። ማቀዝቀዣ የለህም ተብሎ ኢንሱሊን ለሚከለከል የገጠር ታማሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በደጋው በኩል ደግሞ የሚታሰበው መለኪያው ነው፤ ብዙዎቹ የደም ስኳር መለኪያዎች ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ በጎባ ብርድ ማለዳ መሣሪያው ስህተት ካሳየ ከነደም መቀበያ ስትሪፑ ጥቂት ጊዜ በልብስ ውስጥ አሙቆ እንደገና መለካት ይበጃል።

አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 40 ዩኒት የሚወስድ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል። ዝናብ መንገድ በሚዘጋበት፣ መጓጓዣ በሚጠፋበት አካባቢ ስሌቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ሁለተኛ ብልቃጥ ሳይያዝ የመጨረሻው መከፈት የለበትም። ሲሪንጁም ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማት ይኖርበታል፤ የ100 ዩኒት ኢንሱሊን በ40 ዩኒት ሲሪንጅ ከተቀዳ ታማሚው ከታዘዘለት ሁለት ዕጥፍ ተኩል ይወጋል። ደመናማው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም፤ ጥርት ያለውና ደመናማው በአንድ ሲሪንጅ የሚቀላቀሉ ከሆነ ጥርት ያለው ቀድሞ ይቀዳል። የሚወጋበት ቦታ፣ ሆድም ይሁን ጭን፣ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ መለዋወጥ አለበት፤ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲወጋ የሚያብጠው ሥጋ መድኃኒቱን አንድ ቀን ይዞ ሌላ ቀን የሚለቅ በመሆኑ ልኬቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይዋዥቃል።

ሁለተኛው አደጋ ማቋረጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው በበጎ ሐሳብ ነው። ትኩሳት ይዞት ምግብ ያስጠላው ታማሚ ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ ይላል፤ ሽፈራው ወይም ሌላ ዕፅ ጀምሮ ልኬቱ አንድ ቀን የወረደለት፣ ወይም ጸበልና ዱዓ ያጽናናው ሰው መርፌውን መቀጠል እምነት ማጣት ይመስለዋል። ጸሎትና ዱዓ ከመርፌ ጋር አይጋጩም። ኢንሱሊን የማያመርት ሰው ግን መርፌውን ሲተው ሰውነቱ ስብ እያቀለጠ ኬቶን የተባለ አሲድ ወደ ደም ይለቃል፤ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው ይህ ሁኔታ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በሕፃናት ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይገድላል። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን ምልክቶቹ ናቸው። ወባ ባለበት ቆላ አንድ የሚያስታውክ ልጅ ለወባ ብቻ ተመርምሮ መመለሱ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው፤ የሚጠማውና ሽንት የሚያበዛ ልጅ ከሆነ የደም ስኳሩም እንዲለካ ወላጅ ሊጠይቅ ይገባዋል። በሕመም ጊዜ ኢንፌክሽን ራሱ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ኢንሱሊን አይቋረጥም፤ በየአራት ሰዓቱ እየለኩ፣ ብዙ ውኃ እየጠጡ፣ ጠንካራ ምግብ ሲያስጠላ ሾርባ ወይም አጥሚት እየወሰዱ፣ መጠኑን ስለማስተካከል ባለሙያ ይጠየቃል፤ ማስታወኩ ካላቆመ ቤት ውስጥ መቆየት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር ለሕሙማንና ለቤተሰብ ትምህርት የሚሰጥ ሲሆን፣ በጎንደርና በጅማ የተሠሩ ሥራዎችም የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ደረጃ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማንን መከታተል እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ክትትሉ በቅርብ ጤና ጣቢያ እንዲሆንለት መጠየቅ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነቱንም በወቅቱ ማሳደስ ወጪና ጉዞ ይቀንስለታል። በቀጠሮው ቀን ይዞት የሚሄደው ደብተር ልኬቱን ከነሰዓቱ፣ የተወጋውን ዩኒት፣ የበላበትን ሰዓት፣ ሥራ የበዛበትን ቀንና ያላበውን ሌሊት ከያዘ፣ ባለሙያው ከአንድ ማለዳ ልኬት ተነሥቶ መጠን ከመጨመር ይልቅ የትኛው መርፌ በየትኛው ሰዓት እንደበዛ ወይም እንዳነሰ ለይቶ ማረም ይችላል፤ መጻፍ የማይችል ታማሚ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁን ማስጻፍ ይችላል።